በጉም ውስጥ የተደወለው ደወል

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስልኳን ዘርግታ «ማም፣ ሉክ! ሶ ኪዩት!» አለችኝ። በስኮትላንድ ባሕር ዳር ያሉ የድሮ መንደሮችን ለጎብኚ የሚያሳይ ገጽ ነው፤ ቀይ የሸክላ ጣሪያ፣ ማዕበል የሚመክት አሮጌ የድንጋይ ግንብ፣ ወደ ወደቡ የሚወርድ ጠባብ ደረጃ። ደረጃውን ወዲያው አወቅሁት። እዚያ ላይ ቆሜ አንድ ሰው ከባሕር እስኪመለስ የጠበቅሁበትን ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፓስተሩ አባዬ በአቅራቢያው ከተማ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ይማር ስለነበር፣ የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን በሰጠችን ትንሽ ቤት ተቀመጥን። መንደሯ የተጨሰ ዓሣና የእርጥብ ገመድ ሽታ አላት። ጎረቤታችን አሌክ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሚስቱ ጂን ከትምህርት ቤት ስመለስ ትቀበለኝና፣ ድሮ የመንደሩ ሴቶች ወደቡ ላይ ተሰልፈው የዓሣ ሆድ ዕቃ እንዴት እንደሚያወጡ ታወራኛለች፤ እኔ ጣቶቿ ላይ የቀረውን የቢላ ጠባሳ እነካካለሁ።

አንድ ጠዋት ከአባዬ ጋር በወደቡ በኩል ስናልፍ፣ አሌክ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሊነሣ ሲል ደረስን። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሳይመረቅ አይሸኝም። አባዬ በጥቁር ሱፉ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ፣ ጀልባዋ ላይ እጁን ጫነና በአማርኛ ጮክ ብሎ ጸለየ። «አሜን» ስንል ሁለቱ ባልደረቦቹ ከጀልባዋ ወርደው ሄዱ። አሌክ ፊቱ ቀላ፤ አባዬን አመሰገነና ብቻውን ወጣ።

እኩለ ቀን ላይ ከባሕሩ ነጭ ጉም ተነሥቶ መንደሯን ዋጣት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጂን ቤቷ የለችም፤ ደረጃው ላይ ከሴቶቹ ጋር ቆማለች። የባሕር ነፍስ አዳኞቹ አሌክን ፍለጋ ወጥተዋል። አንድ የክፍሌ ልጅ «አባትሽ ነው ያስቀረው!» አለኝ።

አባዬ ሮጦ ሲመጣ ጂን ሳትጮህ ነገረችው። «እዚህ ሰው ወደ ባሕር ሲወርድ ቄስ ካጋጠመው ቀኑ ገድ የለውም ብሎ ይመለሳል። አሌክም ይመለስ ነበር። እርስዎን ማሳፈር ከብዶት ነው የሄደው።»

ይሉኝታ የእኛ ሰው ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ስለ ገድ አልተከራከረም። «ምን ላድርግ፣ እኅቴ?» ብቻ አለ።

«የወደቡን ደወል ይደውሉ። ከሰማ አቅጣጫውን ያገኛል።»

ኮቱን ወርውሮ ገመዱን ያዘ። ሦስት ሰዓት ያህል ደወለ። ጂን እጄን ጨምቃ ይዛኛለች፤ ጠባሳዋ ይሰማኛል። እኔ የማዳምጠው ደወሉን ሳይሆን በደወልና በደወል መካከል ያለውን ዝምታ ነበር። «ጌታ ሆይ፣ በአባዬ ጸሎት ምክንያት እንዳይሆን» እላለሁ። ጸሎትን የፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አመሻሹ ላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ፤ ጠፋ፤ እንደገና ተሰማ።

አሌክ ደረጃውን ወጥቶ የአባዬን የተላጠ መዳፍ አየ። «ደወልዎን ተከትዬ ነው የመጣሁት፣ ፓስተር። ጸሎቱን ግን ከእንግዲህ ቤትዎ ሆነው!» ሴቶቹ ሳቁ፤ ጂን አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አባዬ የአሌክን ጀልባ የሚመርቀው ከቤታችን መስኮት መጋረጃ ጀርባ ሆነ።

ይህን ስነግራት ልጄ ፎቶዎቹን ገለጠች። ቤታችን አሁን ለጎብኚ ይከራያል፤ ወደቡ ላይ የሽርሽር ጀልባ ብቻ ቀርቷል። ደወሉ አለ፤ ሰው ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሣል።

ዛሬ ጠዋት የምንኖርበት ሰፈር ሊንደን ጉም በጉም ነበር። ልጄ ከከተማው ዳር ኦቤትስ ወደሚገኘው የዕቃ መጋዘን ለሥራ ስትወጣ፣ እንደ ወትሮው መኪናዋን ይዤ ልጸልይ አሰብኩ። ወትሮ «ማም፣ አይም ሌት!» እያለችም ታስጨርሰኛለች፤ ከዚያ የረፈደባትን ለማካካስ ትበራለች። እጄን ሰበሰብኩ። ከመጋረጃው ጀርባ መረቅኋት።

መኪናዋን አስነሥታ ግን አልሄደችም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወደ መጋረጃው እያየች፣ «አሜን፣ ማም!» ብላ ጮኸች። «ስደርስ ኮል አደርግሻለሁ።» ቀስ ብላ ወጣች።

አባዬ በጉሙ ውስጥ ሰውን የሚጠራበት ገመድ በእጁ ነበረው። እኔ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ያንኑ ዝምታ አዳመጥኩ። ልጄ ደርሳ ስትደውል ጉሙ ገና አልተገለጠም ነበር።