የአባቴ ራኬትና የእኔ ቅቤ

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ደራ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። እኔ ደግሞ አዳማ ላይ ትርፍ ክፍል ያለው ቤት አለኝ። «አባባ፣ ይምጡና አብረን እንኑር» እያልኩ ሁለት ዓመት ለመንኳቸው። ሰውየው ግን የሚጦራቸውን ሰው ጠባይ ሳያዩ የሚገቡ አይደሉም። ከፋሲካ በኋላ ልጠይቃቸው ብሄድ የቴኒስ ራኬታቸውን አስታቀፉኝና «ይቺን አንድ ወር በደንብ ከያዝክ እመጣለሁ» አሉኝ።

ራኬቷ በወጣትነታቸው የስኳር ፋብሪካ ጸሐፊ ሳሉ በፋብሪካው ክበብ ሜዳ የተጫወቱባት ናት። እንጨት ናት፤ ክሯ ደግሞ ከላም አንጀት የተፈተለ። እንዳትጣመም አራት ብሎን ባለው መጭመቂያ ታስራ ነው የምትቀመጠው። እኔ ላባ የምታህል የካርቦን ራኬት አለችኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በምጫወትበት ሆቴል ኳሱን ከአጥር ውጭ የምልክባት። በራኬት ጉዳይ ሊቅ ነኝ ማለት ነው።

አንድ ቀን ክሩን ነካ ነካ ሳደርገው ደረቅ አለብኝ። የአዳማን ፀሐይ መቼም ታውቃላችሁ። አባቴ ስለ ክሩ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አትንካው»። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሳልመራመር እንዴት አድራለሁ። አያቶቻችን ጠፍር ሲደርቅባቸው ቅቤ ይቀቡት አልነበር? አንጀትስ ከቆዳ በምን ይለያል? ለጋ ቅቤ ገዝቼ ክር በክር አሸሁት፤ እንዲመጠው ብዬም ራኬቷን በረንዳ ላይ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ «ኧረ ተው፣ ይቅርብህ» አለችኝ። ቴኒስ ከማይጫወት ሰው ምክር አልቀበልም አልኳት።

ጠዋት ስወጣ የጎረቤት ድመት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አፏን ትልሳለች። የራኬቷ መሃል ቡጢ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሆኗል። ድመቷን ምን ልበላት? አንጀት በቅቤ አቅርቤላት!

ወሩ ሲሞላ አባቴ መጡ፤ ሻንጣቸውን ይዘው። ልዋሽ ብልም ቅቤው ይሸታል፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራኬቷን ተቀብለው አሸተቱ፤ እጃቸውን በቀዳዳው አስገብተው አወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«አትንካው አላልኩህም?»

«እንዳይደርቅ ብዬ ነው አባባ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው» አሉ። «ብትጠላኝማ ዝም ብለህ ትተወኝ ነበር።»

ምሳ በሉ፣ መረቁን። ከሰዓት በኋላ ያልተከፈተ ሻንጣቸውን ተሸክሜላቸው መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው።