«አልታገደም» የተባለው ሰይድ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። እስካሁን የማልረሳው፣ በራድዮ «ምንም ችግር የለም» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ሰይድ በር ላይ የቆመበት ሁኔታ ፊቴ ላይ ድቅን ስለሚል ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በአንድ አነስተኛ የግል አየር መንገድ ትኬት ክፍል ነው። ስሙ ይቅር፣ እንጀራዬ ነው። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ድሮ ንጋት ላይ ከደሴ የሚያወርደን ሰርቪስ ነበረን። አንድ ቀን ቀረ። ስንጠይቅ «ወጪ ቆጣቢ አሠራር ነው» ተባልን። ድርጅቱ ቆጠበ፣ እኛ በጨለማና በጉም ታክሲ እየለመንን ቁልቁለቱን መውረድ ጀመርን። በቁጠባው ሁላችንም ተካፍለናል ማለት ነው።

ተሰብስበን ሰርቪሱ እስኪመለስ ትርፍ ሰዓት አንሠራም አልን። ስለ ሁላችንም ሆኖ የተናገረው ሰይድ የሚባል ዕቃ ጫኝ ነው። ሰይድ ራሱ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ወደ ሥራ በእግሩ ነው የሚመጣው። ሰርቪስ ኖረ አልኖረ የሚነካው ነገር የለም። ሚስቱ አራስ ናት፣ ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሠርቶ የሚያመጣ ሰው የለም። ይሄ ሁሉ እያለ ተነስቶ ተናገረ። በማግስቱ አለቃችን «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለው። በቃል ብቻ፣ ደብዳቤ የለም፣ ፊርማ የለም።

ወሬው ደሴ ሲዳረስ የድርጅቱ ቃል አቀባይ ከአዲስ አበባ በራድዮ ቀረበ። አቶ ዮናስ እንበለው። ድምፁ ማር ነው። «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን። ከሥራ የታገደ አንድም ሠራተኛ የለም» አለ። ይህን ስሰማ ቤተሰብነታችን እኔን ራሴን አስደነቀኝ።

ሰይድ ግን ራድዮውን አመነ። እየቀለደ ይሁን ከልቡ ዛሬም አላውቅም። በማግስቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ በከሰዓት ፈረቃው ሰዓት በሩ ላይ ተገኘ። ጥበቃው ጋሽ ይመርም ራድዮ ሰምተው ኖሮ አስገቡት። ሰይድ ወዲያው ከግቢው እንዲወጣ ተደረገ፣ ጋሽ ይመርም ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ሰይድ በየቀኑ በፈረቃው ይመጣል፣ ጋሽ ይመር ይመልሱታል፣ እሱም አጥሩ ሥር ተቀምጦ ሰዓቱን ጨርሶ ይሄዳል። «አልታገድክም ተብያለሁ፤ ብቀር ቀረ ይሉኛል» ይለኛል። እኔ ደግሞ አእምሮው ነካ ያደረገው መስሎኝ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ አቶ ዮናስ ራሱ ሊያወያየን መጣ። የሰይድ አማት ሼህ እንድሪስ፣ የደሴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሌሎች ሽማግሌዎችን አስከትለው ስብሰባችን ላይ ገቡ። አቶ ዮናስ ደስታው ወሰን አጣ። «ሽምግልና ባህላችን ነው» እያለ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፎቶ ተነሳ። ሰርቪሱ እንደሚመለስ፣ ሰይድም ሥራው ላይ እንደሚገኝ ቃል ገባ።

«እንግዲያ ዱአ እናድርግ» አሉ ሼህ እንድሪስ። ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ኦርቶዶክስ ነው፤ ግን ወሎ ውስጥ ለሽማግሌ ዱአ እጅ የማይዘረጋ የለም።

«ቃሉን የጠበቀውን አላህ መንገዱን ያቅናለት» አሉ።

«አሚን» አልን።

«ቃሉን የበላውን መንገዱን ይያዝበት።»

እዚህ ላይ የእኛ ድምፅ ቀነስ አለ። እንዲህ ባለ ነገር ላይ አሚን ማለት ቀላል አይደለም፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ ራሱን ይመረምራል። አቶ ዮናስ ግን ካሜራው ወደሱ ስለዞረ እጁን ከፍ አድርጎ ከሁላችንም በላይ «አሚን» አለ። ሼህ እንድሪስ ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ሰምተኸዋል አይደል?» አሉት። «በሚገባ፣ አባታችን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ዮናስ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ መጣ። ካውንተሬ ፊት ቆሞ ለራድዮው በስልክ መግለጫ ይሰጥ ጀመር። «ውይይቱ ፍሬያማ ነበር። የታገደ ሠራተኛ ስለሌለ ወደ ሥራ የሚመለስ ሠራተኛም የለም።» የመሳፈሪያ ካርዱን እየሰጠሁት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሱ ግን ከአፉ የወጣው አፋፍ ላይ እንኳ ሳይደርስ መልሶ ዋጠው።

ደመናው ግን አልገለጠም። የጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ሳይነሳ ቆየና ከሰዓት ላይ መጣ። ከሰዓት የሚመጣው ከስንት አንዴ ስለሆነ የሰይድ ቦታ ባዶ መሆኑ እስከዚያ ቀን አልታወቀም ነበር። እኛ ትኬት ክፍሎች ሙሉ ቀን ነን፤ የጠዋት ተረኛ ዕቃ ጫኞች ግን ፈረቃቸውን ጨርሰው ሄደዋል፣ ትርፍ ሰዓት የለም ብለናል። መንገደኛ ተሰልፏል፣ ሻንጣው ተከምሯል፣ የሚጭን ሰው የለም። አብራሪው ደመናው ተመልሶ ሳይዘጋ መነሳት አለብን እያለ ነው።

አቶ ዮናስ እየተጣደፈ መጣ። «እህቴ፣ የከሰዓቱ ዕቃ ጫኝ የት አለ?»

«ሰይድ ነው ተረኛው» አልኩት። «እርስዎ እንደተናገሩት ስላልታገደ ምትክ አልተመደበም።»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ተወው።

«የት ይገኛል?»

«በር ላይ። ሁልጊዜም እዚያው ነው።»

እየሮጠ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይታይም። ሰይድ የሥራ ልብሱን ለብሶ እንደ ወትሮው አጥሩ ሥር ተቀምጧል። አቶ ዮናስ «ተነስ ወንድሜ፣ ግባ» ሲለው ጋሽ ይመር በሩ መሀል ቆሙ።

«አይገባም።»

«እኔ ነኝ እኮ የምለው፤ የድርጅቱ ቃል አቀባይ ነኝ።»

«አውቅዎታለሁ» አሉ ጋሽ ይመር። «እርስዎን አምኜ አንዴ አስገብቼው ማስጠንቀቂያ ቀምሻለሁ። ወላሂ ሁለተኛ በእርስዎ ቃል በር አልከፍትም። እገዳውን ያዘዘው ሰው ራሱ ይንገረኝ።»

«እገዳ የለም ብያለሁ እኮ።»

«እንግዲያ አብሽር፣ ችግር የለም» አሉና ጋሽ ይመር ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

መንገደኞቹ እየወጡ ከበቡን። አቶ ዮናስ ላብ በላብ ሆኖ አዲስ አበባ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ጋ ደወለ። ጋሽ ይመር እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገው። «ሰይድ የሚባለውን ሠራተኛ እንዲያስገቡት ለጥበቃው ይንገሩልኝ» አለ።

«የቱ ሰይድ?» አለ ስልኩ። «ያ ያገድነው ልጅ? አልታገደም በልልን ብዬህ አልነበር እንዴ?»

አንዲት እናት ከሰልፉ ውስጥ «ያረቢ» ሲሉ ሰማሁ። አቶ ዮናስ ቀስ ብሎ «አዎ፣ እሱ ነው። እገዳው ይነሳ፣ አውሮፕላኑ ቆሟል» አለ። በሩ ተከፈተ።

ሰይድ ገብቶ ሻንጣውን ሁሉ ጫነ። የአቶ ዮናስን ሻንጣ ሲያነሳ አይኔን አልነቀልኩም፤ ቢወረውረው አልፈርድበትም ነበር። እንደ እንቁላል ይዞ አስገባው። እኔ ተናደድኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ብዙም ሳይቆይ ከሠራተኞች አስተዳደር ለሰይድ ደብዳቤ መጣ። ሳይታገድ ለሳምንታት ከሥራ ስለቀረ ለምን እንደማይሰናበት ያስረዳ ይላል። ያልታገደ ሰው ካልሠራ ቀሪ ነው፣ ሂሳቡ እንከን አይወጣለትም። ሰይድ የፈራው ይሄንኑ ነበር፤ እኔ ነኝ አእምሮውን የጠረጠርኩት።

ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ኮምቦልቻ መጣ፣ እኛም ተገኝተን ሰማን። ጋሽ ይመር መሰከሩ፤ ኮሚቴዎቹ ግን የጥበቃ ቃል ከወረቀት አይበልጥም ብለው ተዉት። አቶ ዮናስም ተጠርቶ ነበር። ሲገባ ሳየው «አለቀለት» አልኩ በሆዴ። ያንን የማር ድምፁን ጠበቅሁ።

ድምፁ ሸካራ ነበር። «ሰይድ ታግዶ ነበር» አለ። «አልታገደም ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነበር። በር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅም በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰይድ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። የቀሪው ነገር ተሰረዘ፣ ሰይድ ሥራው ላይ ቆየ። ሰርቪሱም ዳገት ላይ የሚያቃስት አሮጌ መኪና ሆኖ ተመለሰ። በራድዮ ግን «ድርጅቱ በራሱ ተነሳሽነት» ነው የተባለው።

ያን ዕለት ሲወጣ አቶ ዮናስን «ምን አግኝቶዎት ነው?» አልኩት።

«አንዴ አሚን ብያለሁ» አለኝ።

ሕሊናው ይሁን አውሮፕላን ላይ በወጣ ቁጥር የሼሁ ዱአ ትዝ እያለው ይሁን እኔ አልፈርድም። መቼም ሥራው ብዙ ያስበርረዋል። ዛሬም በራድዮ ይናገራል፣ እኔም ግማሹን አምነዋለሁ፤ ከባዶ የተነሳ ሰው ነውና ትንሽ አይደለም። ኮምቦልቻ ሲመጣ ግን ለመሳፈር ካውንተሬ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር አለ።

«ሰይድ ገብቷል?»

«ገብቷል» እለዋለሁ። ያን ጊዜ ሄዶ ይቀመጣል።