እናቴ እፍ ያለችው የሰማይ ብናኝ

ወላሂ፣ ያን ቀን ከእናቴ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጸብ ነበር።

ደሴ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ምድርን የሚዞሩ መንኮራኩሮች በጣም ለስላሳ ነገር ዘርግተው ከሕዋ የሚመጣ ብናኝ እንደሚያጠምዱ አስተማርኩና፣ በዚያው ሞቅ ብሎኝ፣ “እኛም ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ አንዷን ቅንጣት አሳያችኋለሁ” ብዬ ቃል ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም። “ቲቸር፣ ኮከቡ አልወረደም?” ይሉኛል በየጠዋቱ። ካላሳየኋቸው ከእንግዲህ የምለውን የሚያምነኝ ተማሪ አይኖርም ብዬ ሰጋሁ።

በጋውን ሙሉ ቆርቆሮው ላይ ትሪ አስቀምጬ አቧራ ሰበሰብኩ። ኮምቦልቻ ቢሆን የፋብሪካና የብየዳ ብናኝ ያሳስተኛል፤ ደሴ ይሻላል ብዬ ነው። የተገኘውን በጨርቅ ነፍቼ፣ በነጭ ሳህን መስኮቱ ጋ አኖርኩት። ኮምቦልቻ የሚያስተምር ጓደኛዬ ማይክሮስኮፕ ሊያውሰኝ ስለተስማማ በሚኒባስ ወረድኩ።

እናቴ ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከወጣች ገና ሳምንቷ ነው። እግሯ ቆስሎ ውሃ እንዳይነካት ስለተከለከለች፣ ለሶላት በውሃ በሚደረገው ውዱእ ፈንታ ተየሙም ታደርጋለች፤ ፊቷንና እጇን በንጹሕ አፈር ታብሳለች። የሷ አፈር አልቆ ኖሯል። ማይክሮስኮፑን አቅፌ ስገባ ሳህኑ ባዶውን ጠበቀኝ።

“እማ! እዚህ የነበረው አፈርስ?”

“አላህ ይስጥህ ልጄ! እንዴት ያለ የጠራ አፈር ነው ያመጣህልኝ! ለዙህርም ለዐስርም ሶላት ተየሙም አደረግኩበት።”

ተየሙም ላይ መዳፍን አፈሩ ላይ መታ አድርጎ ትርፉን እፍ ማለት አለ። የበጋ ልፋቴን በመስኮት እፍ ብላዋለች! ንድድ አልኩ፤ ግን እናትን ምን ይሏታል? ነገሩን ስነግራት ደነገጠች።

“ያ አላህ! የልጄን ልፋት ነው እፍ ያልኩት?” ብላ ፊቷን አስጠጋችልኝ። “በል እዚህ የቀረውን ውሰደዋ።”

የሰማዩ ብናኝ ብረት ስላለበት በማግኔት ይያዛልና፣ ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁትን ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ግንባሯ ላይ ቀስ ብዬ አስኬድኩት። ዓይኗን ጨፍና ታገሠችኝ። የግንባሯን መስመሮች እንዲያ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ፌስታሉ ላይ የተያዘውን በማይክሮስኮፑ ሳየው፣ ከተሰባበረው ደቃቅ መሃል አንዲት ድብልብል ጥቁር ነገር ታበራለች። ከሕዋ ስትገባ ቀልጣ የከበበች ቅንጣት እንዲያ ነው የምትመስለው። ጮኽኩ መሰለኝ።

እናቴም አጎንብሳ አየች። ብዙ ቆየች።

“ሱብሃነላህ! ስንት ዘመን ግንባሬን የደፋሁበት መሬት፣ ለካ ሰማዩም አለበት” አለች።

በማግስቱ ተማሪዎቼ ተሰልፈው አዩ። ነፋስ ያመጣው የብየዳ ፍንጣሪ ሊሆን እንደሚችልም ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

“ቲቸር፣ የት አገኟት?” አለኝ ዋናው ቀልደኛ።

“እናቴ ግንባር ላይ።”

ሳቅ ጠበቅኩ። ልጁ ግን እጁን አንስቶ የራሱን ግንባር ዳበሰ።