እርጥብ ሳርና አንድ አሜን

በዓል በመጣ ቁጥር የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ከደጁ እስከ ደረጃው ድረስ እርጥብ ሳር ይጎዘጉዛል። ጅጅጋ ላይ እንዲህ ያለ ለምለም ሳር ከየት እንደሚያመጣው እግዚአብሔር ይወቅ። ባልደረቦቼ እየረገጡት ይገባሉ፤ እኔ ግን ጥጉን ይዤ፣ ግድግዳውን ታክኬ አልፋለሁ። «ምስራችዬ፣ እባብ አለበት እንዴ?» ይሉኛል። የጋሞ ልጅ ሳር አትሻገርም ብዬ ማስረዳቱ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ይደክመኛል።

እኛ አገር ሳር የሽማግሌ ቃል ነው። ሁለት ሰው ቢጣላ፣ ሁለት መንደር ጦር ቢማዘዝ እንኳ፣ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው መሐል ይንበረከካሉ። ያን ሳር ተሻግሮ የሚሄድ የለም። ይህን ከአርባ ምንጩ ሲቀላ እስከ ደጋው ኦቾሎ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ደረጀም ያውቀው ነበር። ቤታቸው ከቤታችን ቀጥሎ ነው፤ አጥራችን አንድ፣ የማንጎው ዛፍ ግንዱ በእነሱ በኩል፣ ፍሬው የሚወድቀው በእኛ በኩል። ትምህርት ቤት አብረን ሄደን አብረን እንመለሳለን። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ የማንጎው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን፣ ከመንገዱ ማዶ የሚጠበሰው የጫሞ ዓሣ እየሸተተን፣ ለቤተ ክርስቲያን የቃል ጥናት ውድድር ጥቅስ እንሸመድዳለን። እሱ ቶሎ ይረሳል፤ እኔ ደጋግሜ አስጠናዋለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን ውድድሩ ላይ መጨረሻ የቀረነው ሁለታችን ሆንን። እኔ መሐል ላይ ጠፋብኝ። ያንኑ ያስጠናሁትን ጥቅስ እሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጣው። ሽልማቱን፣ ባለ ዚፕ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ታቅፎ ከመድረክ ሲወርድ «አስተማሪ ይደክማል፣ ተማሪ ይሸለማል» አለኝ። ለቀልድ ነበር። ጓደኞቹ ሳቁ፤ እኔ አኮረፍኩ። ኩርፊያው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ቆየ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን መበላለጥ ሆነ። አንድ መንፈቅ እኔ አንደኛ፣ አንድ መንፈቅ እሱ። መዘምራን ውስጥ እኔ ስመራ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ እሱ ሲመራ እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ወባ ጥሎት ፈተና አመለጠውና ያለ ተፎካካሪ አንደኛ ወጣሁ። ገና ሳይሻለው በታናሽ እህቱ «ከታመመ ሰው ላይ አንደኛ መውጣት ይቆጠራል ወይ፣ በያት» ብሎ ላከብኝ። ያን ቀን ውጤቴን ለአባቴ እንኳ ሳላሳይ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ ሲያቃስት ሳዳምጥ ዋልኩ። ጠላትን መውደድ ታዟል፤ እኔ ግን ከታዘዘው ሳላልፍ አልቀረሁም።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ለእኔ ጅጅጋ፣ ለእሱ እዚያው አርባ ምንጭ ደረሰን። በዚያው ሰሞን እሁድ፣ ከአምልኮ መልስ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ዳልኬ ከኦቾሎ ወርደው ከሁለት እኩዮቻቸው ጋር በረንዳችን ላይ ተቀምጠዋል። ደረጀ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። በሁለት እጁ እርጥብ ሳር ይዟል። እንግዶቹን ሲያይ ደነገጠ፤ መመለስ ግን አልቻለም። መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ። ሳር የሚይዝ ሽማግሌ እንጂ ጎረምሳ አይደለም፤ ለራሱ ጉዳይማ ማንም አይዝም።

አባቴ ከወንበሩ ተነሣ። «ምን አድርጓት ነው?»

«ምንም አላደረግኋትም፣ ጋሼ። አኩርፋኝ ነው» አለ ደረጀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰባተኛ ክፍል።»

«ይኼማ የድንበር ጠብ ነው፣ ከርሟል እኮ» ብለው ጋሽ ዳልኬ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ኮስተር አሉ። ሳር ተይዞ ዝም አይባልም። ሳሩን ከእጁ ተቀብለው፣ ሁለታችንን ጎን ለጎን አስቀምጠው መመረቅ ጀመሩ። «ጠቡ ይቅር።» አሜን። «መንገዳችሁ ይቅና።» አሜን። «ከእንግዲህ እንደ አንድ እናት ልጆች ሁኑ። እሱ ወንድምሽ፣ አንቺ እህቱ።»

በቤታችን ታላቅ ሲመርቅ አሜን ይባላል እንጂ ምርቃት አይመረመርም። አሜን አልኩ፣ ጥርት አድርጌ። ደረጀ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌዎቹ እየጠበቁት ነበር። ቆይቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እሱም አለ።

እስከ በር ስሸኘው «እኔ እኮ ለእርቅ ብቻ አልመጣሁም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«አሁንማ ምን ዋጋ አለው፣ እህቴ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቀደምሽኝ። መቼም መቅደም ትወጃለሽ።»

የዛሬ ልጆች በስልክ ተኳርፈው በስልክ ይታረቃሉ። አልፈርድባቸውም፤ እንዲያውም አንዳንዴ እቀናለሁ። እኛ ግን በሳር ፊት እህትና ወንድም ተብለናል፤ እንዲህ የተባለ አይጋባም። ተመልሰን ጋሽ ዳልኬ ዘንድ ሄደን «አባታችን፣ ሌላ ምርቃት ይስጡን» ብንል ኖሮ እምቢ ይሉን ነበር? እሱም እኔም አልጠየቅንም። አሁን እሳቸውም የሉም። ጌታን አላማርረውም፤ ደክሞኝ ነው እንጂ።

ደረጀ አግብቶ ወልዷል። በየበዓሉ ይደውላል፤ ልጆቹ ከኋላው «አክስቴ» እያሉ ይሻማሉ። እኔ ቤት የሚሻማ የለም። ዘንድሮ የደወለልኝ መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳለሁ ነው።

«የት ነሽ፣ እህቴ?»

«ሳር ፊት ቆሜያለሁ።»

«ተሻገሪው እንግዲህ። እዚያ የሚያይሽ የአገርሽ ሰው የለም።»

«አንተ አለህ» አልኩትና፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሣ፣ ግድግዳውን ይዤ ዞሬ ገባሁ።