ምንዳ ያላጨደው ሣር

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ዘፈኑን ሲከፍተው መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታ ነው፤ የሚቀልጥ እርሳስና የረጠበ ሱፍ ሽታ። የጋሽ ምንዳ ራዲዮ መጠገኛ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው። ዘፈኑም የተቀረጸው እዚያ ነው። ስለነበርኩ አውቃለሁ።

ጋሽ ምንዳ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ቀጭን ሰው ነበር። የአንዱን ራዲዮ ፈቶ ሳይገጥም የሌላውን ይፈታል፤ መፍቻውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሲፈልገው ይውላል። ከተበላሸ ራዲዮ ማግኔት አውጥቶ ክራሩ ላይ አሰረና ሽቦውን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘው። ክራሩ ከዚያ በኋላ ክራር አልሆነም። ሲነካው የቆርቆሮ ጣሪያችን አብሮ ይንጫጫል። እናቴ በአጥር በኩል “ምንዳ፣ ዶሮዎቼ መጣል አቆሙ እኮ!” ትለው ነበር። እሱም “ዜማ እስኪለምዱ ነው፣ እትዬ!” ይላታል።

ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር ምድራችን ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ከዚያ ቀን በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። አጫጆቹ ሲያዜሙ አንዱ “ጓሳ ሳይከፈት ማን አጨደ?” ይላል፤ የቀሩት ሰርቆ ሲያጭድ የተያዘውን ሰው ስም እየጠሩ ይመልሳሉ። የዚያን ዓመት የተጠራው የአንድ ጎረቤታችን ስም ነበር። ጋሽ ምንዳ ያቺን ዜማ ይዞ መጣ። ከደብረ ብርሃን ጊታርና ድራም የሚጫወቱ ሁለት ወጣቶች አስመጣ፤ ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳውን በሱፍ ዝተት ሸፈነ። ክረምት ስለነበር ዝተቱ ሁሉ እርጥብ ነበር። እኛን ሰባት የሰፈር ልጆች ደግሞ ዜማውን እንድንቀበል ሰበሰበን። ክራሩ ጮኸ፣ ድራሙ ተከተለ፤ እኛ ጉሮሯችን እስኪነቃ የሰውየውን ስም ጠራን።

ካሴቱ ለራዲዮ ተላከ፤ ቅጂውም ገበያ ወጣ። ወዲያው አገር ያዘው። አውቶቡሱ ውስጥ እሱ ነው፣ ገበያው ውስጥ እሱ ነው፣ ሠርግ ቤት ደግሞ ሦስት ጊዜ ይደገማል። እኛ ሰባታችን “ያ ድምፅ የኔ ነው” እያልን ስንጣላ ከረምን።

አንድ ቅዳሜ ስሙን የጠራነው ጎረቤታችን ወደ ሱቁ መጣ። እኔ እዚያው ተቀምጬ የማዳምጠውን ራዲዮ ጋሽ ምንዳ ራሱ ዘጋው።

“ምንዳ፣ እኔ ጥፋቴን አምኜ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ሽማግሌ ፊት ቆሜያለሁ። ይቅር ብለው አውርድ አሉኝ፤ አወረድኩ። አንተ መልሰህ ጫንክብኝ።”

“ክፉ አስቤ አይደለም ጋሼ። ስምዎ ከዜማው ጋር ስለገጠመልኝ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ማን እንደሆኑ አያውቅም ብዬ…”

“ልጄ ደብረ ብርሃን ትማራለች። የአባትሽ ስም ማነው ሲሏት ዝም ማለት ጀምራለች።”

ከዕርቅ በኋላ ጥፋቱን ያነሳ ሰው እኛ ዘንድ ከአጥፊው ይብሳል። ጋሽ ምንዳ ይህን አያጣውም፤ ዘፈን ሲሆን ግን አልመሰለውም። እኔም አልመሰለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ያ ድምፅ የኔ ነው” ማለት ተውኩ።

በማግስቱ ዝተቱ እንደገና ተሰቀለ፤ ሁለቱ ወጣቶች ተጠሩ፤ እኛም ተሰበሰብን። “አሁን የምትጠሩት የኔን ስም ነው” አለን። ሳቅን። አልሳቀም። “ጮክ በሉ እንጂ! የሳቸውን እንዴት ነበር የጮሃችሁት?”

አዲሱን ካሴት ለራዲዮ ላከ። ከዚያ ገበያ ቆሞ ለፈፈ፤ አሮጌውን ካሴት ያመጣ ሁሉ አዲሱ በላዩ ላይ በነጻ ይቀዳለታል። ስንት ሳምንት እንደቀዳ አላስታውስም፤ የቴፑ ክዳን ተሰብሮ በላስቲክ አስሮት እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። አሮጌው እየጠፋ ሄደ፤ አዲሱ ቀረ። በሚቀጥለው ጊዜ ጓሳ ሲከፈት አጫጆቹ “ምንዳ፣ ማጭድህን አስፈትሽ!” እያሉ ሲቀልዱበት ከነሱ እኩል ይስቅ ነበር። ቀልዱን የማያውቁ ሰዎች ግን ራዲዮ ሊያስጠግኑ መጥተው ዕቃቸውን ሳይተዉ የሚመለሱበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ መፍቻውን ይፈልጋል፣ ጆሮው ላይ ሰክቶት።

ካረፈ ቆየ። ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት ለጓደኛዋ “ይሄ ምንዳ የሚሉት እኮ እውነተኛ ሌባ ነበር አሉ፣ የመሐል ሜዳ ሰው” አለቻት።

ዘመኔን ሙሉ የኖርኩት በዜና ሥራ ነው፤ የተሳሳተ ስም ሰምቼ ዝም ብዬ አላውቅም። “የለም፣ እሱ አልነበረም” ልል ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ “የለም” አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ግን አውቀዋለሁ፤ እኔም ብሆን እሱኑ ነው የምጠይቀው። “ታዲያ ማን ነበር?”

“ምን አሉኝ እትዬ?” አለች ዞር ብላ።

“ሾፌሩን ድምፁን ጨምር በይልኝ” አልኳት።

ጨመረው። ክራሩ ጮኸ። የጋሽ ምንዳ ድምፅ ማን አጨደ ብሎ ጠየቀ፤ ከሰባቱ ልጆች ጋር እኔም ስሙን ጠራሁ።