ለእሑድ የቆየ ሰላምታ

ኮሙኒኬሽን ልማር ነው ስል ቤተሰቤ ሁሉ ሳቀ። ልጄማ ሳቋን መግታት አቅቷት ግድግዳውን ተደገፈች።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ስልክ የምታነሺው እሺ ብለሽ ለመዝጋት ነው» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። ባሰባት።

እውነቷን ነው። ብዙ አልናገርም። ቢቸና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ለዓመታት ስሠራም፣ ሥራዬ ሌላው የተናገረውን መተየብ ነበር። ተመችቶኝ ኖሬያለሁ። በኋላ አዲስ መዋቅር መጣና መደቡ ዲግሪ ይጠይቃል ተባለ። ኃላፊዬ ደግ ሰው ናቸው፤ ተምሬ እስክጨርስ ድረስ እንዲጠብቁኝ አደረጉ። የሰጡኝ ጊዜ ካለፈ ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባለቤቴ ታሞ ቤት ከዋለ ወዲህ የምንኖረው በእኔ ሥራ ነው። ስለዚህ ተመዘገብኩ።

ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ነበር። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሼ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ እንዳጣፋሁ በቀጥታ ወደ ክፍል እገባ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለዲግሪው የሚያስፈልገውን ሁሉ ነገሩን። ኮርሶቹን ማለፍ አለ፤ ዜና አጻጻፍ፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የሚዲያ ሕግና ሥነ ምግባር፣ የንግግር ጥበብ። የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። የተግባር ልምምድ አለ። ይህን ሁሉ የጨረሰ ደግሞ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ እሱን ያላለፈ ሌላውን ሁሉ ቢያሟላም ዲግሪውን አያገኝም። አጠገቤ የነበሩት ወጣቶች ስለ መውጫ ፈተናው ሲያጉረመርሙ እኔን ያስፈራኝ የንግግር ጥበብ ነበር።

ተራዬ ደርሶ ክፍሉ ፊት ስቆም ያሰብኩትን ተናግሬ ዝም አልኩ።

«ጨረሱ?» አለኝ መምህሩ። ወጣት ነው። እኔ በመምህርነቱ አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ በዕድሜዬ አንቱ ይለኛል።

«አዎ፣ መምህር።»

«ገና ብዙ ደቂቃ አለዎት እኮ።»

«ነገሩ ግን አልቋል» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ለጥቂት አለፍኩ።

በእግዚአብሔር ቸርነት የቀረውም ተራ በተራ አለፈ። የመመረቂያ ጽሑፌን የመንግሥት ማስታወቂያ ገበያ ላይ ለሚውሉ ሴቶች እንዴት እንደሚደርስ በማጥናት ጻፍኩ። ሰው እያዳመጡ መጻፍ ስለሆነ አልከበደኝም። ከመውጫ ፈተናው በፊት የቀረኝ የተግባር ልምምዱ ብቻ ሆነ። በራስ መሥሪያ ቤት አይፈቀድምና ወደ ተወለድኩባት ሞጣ፣ የከተማው ሚኒ ሚዲያ ተመደብኩ። ሚኒ ሚዲያ የሚሉት አንዲት ጠባብ ክፍልና በየምሰሶው ላይ የተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። እዚያ ተለማምጄ በመጨረሻ አንድ ፕሮግራም በቀጥታ ማቅረብ ነበረብኝ፤ ያው የንግግር ጥበብ መምህሩ መጥቶ እያዳመጠ ነጥብ ይሰጣል። እሱን ያላለፈ የዚያን ዓመት የመውጫ ፈተና አይቀመጥም። የዚያን ዓመት ካልተቀመጥኩ ደግሞ ሥራዬ ቀረ።

መምህሩ ደውሎ የሚመጣበትን ቀን ነገረኝ። ስቆጥረው ሕማማት ላይ ዋለ።

«መምህር፣ ሰላምታ አለበት» አልኩት።

«ምኑ ላይ?»

«ፕሮግራሙ ላይ። የመጀመሪያው ነጥብ አድማጭን ሰላም ማለት ነው ብለውናል። ያ ቀን ሕማማት ነው።»

«ገባኝ። ግን ሌላው ቀኔ ሁሉ ተይዟል። ሰላምታ የሌለው ፕሮግራም ደግሞ አላውቅም።» ከዚያ ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ ላለመናገር ሰበብ አያጡም!»

ሰበብ አልነበረም። ይሁዳ ጌታችንን በሰላምታ አሳልፎ የሰጠበት ሳምንት ነውና በሕማማት አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም፣ እንደምን አደራችሁ አንባባልም። መንገድ ላይ ብንገናኝ ራሳችንን ዝቅ አድርገን እንተላለፋለን። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ አፍርሼው አላውቅም።

ከቢቸና ስነሣ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሁሉን ዘርዝሬ እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እንዲህ ስታወሪ ዛሬ ገና ሰማሁሽ» አሉኝ። «ልጄ፣ ለሥራ ብለሽ ብትዪው ከእግዚአብሔር ትለያለሽ አልልሽም። ከልብሽ ካልሆነ ግን አፍሽም እሺ አይልሽ። ወደ እሱ አመልክቺ። ነጥቡን እንደሆነ እኔ አልሰጥሽ!»

ሞጣ ያረፍኩት ታላቅ እህቴ ቤት ነው። እሷ የሕማማትን ሳምንት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ነው የምትውለው። ነገሩን ስትሰማ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች።

«በሕማማት? በድምፅ ማጉያ? እኔ ስሰግድ ያንቺ ሰላምታ በአጥር ላይ ሊመጣብኝ?»

«እንጀራዬ ነው፣ እታለም።»

«እንጀራውንስ የሚሰጥ ማን ነው?»

ነጠላዋን መልሳ ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ፕሮግራሜ ክረምት ሳይገባ የከተማውን የጎርፍ ቦዮች ስለ መጥረግ ነበር። በእንግድነት የጋበዝኳት አብሮ አደጌን ነው። ሙስሊም ናት፤ የአባቷን የጨርቅ ሱቅ ይዛ ትነግዳለች። በልጅነታችን ግቢያችንን የሚለየው አጥር ብቻ ነበር። በሕማማት እናቷ እኛን ላለማስቸገር ብለው ሰላም ሳይሉን ነበር የሚያልፉት። በዋዜማው ስለ ዝግጅቱ ልነግራት ሱቋ ሄድኩ። እሷም እንደ እናቷ ሰላም ሳትለኝ በርጩማ አቀረበችልኝ።

«ፊትሽን ያጠቆረው ጾሙ ነው ወይስ ሌላ ነው?»

ነገርኳት። የያዘችውን ጣቃ አስቀምጣ ሳቀች።

«ወላሂ፣ ለዚህ ነው የምትጨነቂው? እኛን ሰላም በይን፣ ክርስቲያኖቹን ዝለያቸው!»

«ነጥቡ በግማሽ ከተማ አይሰጥም።»

«እንግዲያው ከነጥቡና ከእህትሽ ምረጪ። እኔ ግን እህትሽን ነው የምፈራው» አለችኝ።

በነጋታው ረፋድ ላይ ከአብሮ አደጌ ጋር ሚኒ ሚዲያው ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። የድምፅ ባለሙያው ውኃ ላምጣልዎት ሲለኝ በጾሙ ምክንያት አልጠጣም አልኩት። አፌ ደርቋል። በመስኮቱ በኩል መምህሩ ይታየኛል፤ ከምሰሶው ሥር ቆሞ መገምገሚያ ወረቀቱን ይዟል። የጻፍኩት ወረቀት የሚጀምረው «ክቡራን አድማጮቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ» ብሎ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ላንብበው ወይስ ልለፈው አልወሰንኩም ነበር። ማይኩ ሲከፈት በልቤ አቤቱ አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩት።

«የሞጣ ከተማ ነዋሪዎች» አልኩ። «ሳምንቱ ሕማማት ነውና ዛሬ ሰላምታ አላቀርብም። ረስቼው አይደለም፤ ለእሑድ አቆይቼላችኋለሁ። አሁን ስለ ጎርፉ እንነጋገር።»

አብሮ አደጌ ማይኩን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እኔን እንኳ የሚከለክለኝ የለም። ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ክርስቲያኖቹ እንዳትመልሱልኝ፤ እኔም እስከ እሑድ እጠብቃለሁ።»

ከውጭ ሳቅ ተሰማ። የኔም ምላስ ተፈታ። ቦዩ ለምን እንደሚደፈን ጠየቅኳት።

«ቆሻሻውን እኛው እየጣልንበት ነዋ! በየክረምቱ ጎርፉ ሱቄ ገብቶ ጨርቄን ያጥብልኛል። የጎደለው ሳሙና ብቻ ነው» አለች።

እየጠየቅኳት፣ እየመለሰች፣ ሰዓቱ አለቀ።

ስወጣ መምህሩ እስክደርስ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«ሰላምታ፣ ዜሮ» አለኝ። «ያቀረበችው እንግዳዋ ናት እንጂ እርስዎ አይደሉም።»

«እሺ» አልኩ። ባለቤቴ ትዝ አለኝ።

«አጠገቤ አንዲት ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ነበሩ። መጀመሪያ ጆሯቸውንም አልሰጡም ነበር። እርስዎ ‹ለእሑድ አቆይቼላችኋለሁ› ሲሉ ግን ሚዛናቸውን አስቀመጡ። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።» ወረቀቱን ገለጠና ሌላ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «እዚህ ደግሞ አድማጭን ማወቅ የሚል ነጥብ አለ። ሙሉውን ሰጥቼዎታለሁ። ሌላውም ደህና ነው። አልፈዋል።»

እጁን ሊዘረጋልኝ ብሎ መልሶ ሰበሰበው። ራሱን ዝቅ አደረገልኝና ሄደ።

ከዚያ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እህቴ ከሴቶቹ መካከል ስትሰግድ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰማሁሽ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ምንጣፏን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ሰጠችኝ። እየሰገድኩ አለቀስኩ፤ የሳምንቱ ዕንባ ከምስጋናው ጋር ተቀላቀለብኝ።

የመውጫ ፈተናውን በክረምቱ መግቢያ ተቀመጥኩ። አለፍኩ፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ዲግሪዬ መሥሪያ ቤት ባለው ፋይሌ ውስጥ ነው፤ ወንበሬም ላይ አለሁ። ለልጆቼ ስለ ትምህርቴ ስነግራቸው ግን ምረቃውን ሳይሆን የዚያን ዓመት ፋሲካ ነው የማነሣው።

ለበዓሉ ወደ ቢቸና ተመልሼ ነበር። ጾሙን ፈትተን ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከሞጣ አብሮ አደጌ ናት።

«እሑድ ነው!» አለችኝ። «ያቆየሽው የታለ? ሱቄ በር ላይ ሰዎች እየጠየቁኝ ነው።»

«እንደምን አደርሽ» አልኳት። እንደምን ሰነበትሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው ወይ፣ አልኳት። የእናቷን ጉልበት ጠየቅኳት። ሱቁን፣ ጎረቤቶቹን፣ ሽንኩርት የሚሸጡትን እናት፣ ቦዩ ተጠርጎ እንደሆነ ሁሉ ጠየቅኳት። እሷም አንድ በአንድ መለሰችልኝ።

ልጄ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ አፍጥጣ ታየኝ ጀመር።

«እማዬ፣ ስልኩን አልዘጋሽውም እኮ» አለችኝ።

ዝም በይ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋትና ወሬዬን ቀጠልኩ።