ክብሪትና የበረደው መጋጠሚያ

የሥራ ባልደረቦቹ «ክብሪት» ይሉታል። ጋዝ በሚመረትበት ግቢ ውስጥ እንዲህ ተብሎ መጠራት የቱን ያህል እንደሚያስከብር እናንተው ፍረዱ። ስሙን ያወጣለት ግን የገዛ አፉ ነው፤ ይህን እሱም አይክድም።

ሥራው የተፈጥሮ ጋዝን ፈሳሽ ማድረግ ነው። ጋዙ በአንድ ቧንቧ ይገባል፤ በቦቴ የሚመጣው ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ በጎኑ ያልፋል። ሁለቱ ሳይነካኩ ናይትሮጅኑ ሙቀቱን ይወስድበትና ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል። ታዲያ ሥራው ጥድፊያ አይወድም፤ ቧንቧው በድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ክብሪት ለዚህ ሲል ስድስት ሰዓት ሙሉ የሙቀት መለኪያው ቁጥር ላይ አፍጥጦ ይውላል። «ብረት የታገስኩ ጀግና ወንድሜን መታገስ አቃተኝ!» እያለ በራሱ ይስቃል።

የቦቴው ሾፌር ታላቅ ወንድሙ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ክብሪት መኪና ሲያቆም ወንድሙ «ወደ ግራ በል» ቢለው፣ ሰው ፊት «አንተ ከመሪ ሌላ ምን ታውቃለህ?» አለው። ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከግንብ ጋር ተላተመ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ናይትሮጅን ሲያራግፉ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ብቻ ነው። የማሽኑ ጩኸት ጥሩ ሰበብ ሆኗቸዋል።

አሁን ግን ጉድ መጣ። የክብሪት ልጅ እሑድ ልታገባ ነው፤ «አጎቴ ካልመጣ ከቤት አልወጣም» ብላለች። ክብሪት ሁለት ጊዜ ደውሎ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይነሳ ዘጋው። ቦቴው ከእሑድ በፊት የሚመጣው ዛሬ ብቻ ነው።

ናይትሮጅኑ ተራግፎ አለቀ፤ ጩኸቱም ቆመ። ክብሪት ሊናገር ሲል ምላሱ ተሳሰረ፤ ሌላ ጊዜ ማን ዝም ባሰኘው! ሥራ ያለው ለመምሰል ናይትሮጅኑ የተራገፈበትን ቱቦ ሊፈታ ሄደ። መጋጠሚያው በረዶ ሠርቶ አልላቀቅ አለው። «የበረደ መጋጠሚያ አይመታም» እያለ አዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረው እሱ፣ መዶሻ አነሳ።

«ተው!» አለ ወንድሙ። በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። «ራሱ እስኪለቅ ጠብቅ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው በረዶው ጠብ ጠብ ሲል ያዩ ጀመር። ክብሪት ጫማው ላይ አቀርቅሮ «ወንድም ጋሼ» አለ። «ያን ቀን የተናገርኩት... አፌ ነው፤ ይቅር በለኝ። እሑድ ልጅህ ታገባለች። ያለ አንተ እንዴት አድርጌ ልዳራት?»

ወንድሙ ጓንቱን አወለቀ። «አምና ለቤቴ የሚቀርብ መስመር ሰጥተውኝ ነበር። ሁለቴ እንቢ አልኩ።»

«ምነው?»

«እዚያ ብሄድ አንተን የት አገኝሃለሁ?»

ክብሪት እስካሁን በእጁ የያዘውን መዶሻ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የሙሽሮቹን መኪና ማን ነው የሚነዳው?» አለ ወንድሙ።

«እኔ ነኛ።»

«በል ተወው። ልጄን ለግንብ ልትድራት ነው?»

ክብሪት ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ እንባ ሆኖ መጣበት፤ መጋጠሚያው መልቀቁን እንኳ ያየው ወንድሙ ነው።